የአባት ወረቀትና የልጅ አገር

ወጣት አንባቢዎቼ ሆይ፤ ከሠላሳ ዓመት በላይ ሳስተምር የኖርሁ ሰው ስለ ሆንሁ፥ ተማሪዬ ሲሳሳት እየሰማሁ ዝም ማለት አይሆንልኝም። ዳሩ ግን አንድ ቀን ዝም አልሁ። ይህን የምጽፈው ያን ዝምታዬን ለመካስ ነው። ዘመኑን ሁሉ የምቈጥረው በአውሮፓውያን አቈጣጠር መሆኑን አስቀድሜ እናገራለሁ።

በ2025 ዓ.ም. ልጄን ለመጠየቅ ወደ አሜሪካን አገር ሄጄ ሳለሁ፥ በቨርጂንያ የሚኖር አንድ የቀድሞ ተማሪዬ ምሳ ጠራኝ። ቤቱ የሞላ፥ ልጆቹም የታረሙ ነበሩ። የበኵር ልጁ ማስታጠቢያ ይዞ እጃችንን አስታጠበን። ቡና ሲቀርብ ጨዋታው ወደ መንግሥት ነገር ዞረና ተማሪዬ እንዲህ አለ፦ «ጋሼ፥ ያለ ወረቀት የገባ ሰው ልጅ እዚህ ስለ ተወለደ ብቻ እንዴት ዜጋ ይባላል? እኛ ስንት ዓመት ወረፋ ጠብቀን ያገኘነውን እነርሱ በምጥ ብቻ ያገኙታል? መከልከሉ ደግ ነው።» እንግዶቹም ራሳቸውን እየነቀነቁ ተስማሙ።

እኔ ግን አንድ ነገር ዐውቅ ነበር። ያ የበኵር ልጅ ሲወለድ አባቱም እናቱም በጐብኚ ቪዛ ገብተው፥ ቀኑ አልፎባቸው፥ የጥገኝነት ማመልከቻቸውም ገና ሳይወሰን ነበረ። አባቱ በዚያ ጭንቀት ጊዜ የጻፈልኝ ደብዳቤ ዛሬም በሣጥኔ ውስጥ አለ። ልጁ ሊሸኘኝ ወጥቶ ከመኪናው አጠገብ ቆመና፥ «ጋሼ፥ እኔ ስወለድ አባዬ ወረቀት ነበረው እንዴ?» ሲል ጠየቀኝ። «አባትህን ጠይቅ» ብዬ አለፍሁት። ይህ ከመምህር የሚጠበቅ መልስ አልነበረም።

እስቲ ነገሩን ከሥሩ እንመልከተው። በ1857 ዓ.ም. የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ድሬድ ስኮት በተባለ ባሪያ ክርክር ላይ ሲፈርድ፥ ከባሮች ዘር የተወለደ ጥቁር ሰው ነጻ ቢሆን እንኳ የአሜሪካ ዜጋ ሊሆን አይችልም አለ። ከእርስ በርስ ጦርነታቸው በኋላ በ1868 ዓ.ም. የጸናው የሕገ መንግሥታቸው 14ኛ ማሻሻያ ይህን ፍርድ ሻረው። ከዚያ ወዲህ በአገሪቱ ምድር የተወለደና በሥልጣኗ ሥር ያለ ሰው ዜጋ ሆነ። እንግዲህ ይህ ሕግ የተጻፈው ለመንገደኛ ስጦታ ለማደል አይደለም። ባለ ሥልጣን የሕፃኑን ዘር እየመረመረ «አንተ የኛ ነህ፥ አንተ አይደለህም» እንዳይል ነው።

በሳን ፍራንሲስኮ ከቻይናውያን ወላጆች የተወለደው ዎንግ ኪም አርክ በ1895 ዓ.ም. ቻይናን ጐብኝቶ ሲመለስ፥ ዜጋ አይደለህም ተብሎ ወደ ተወለደባት ከተማ እንዳይገባ ተከለከለ። ዘመኑ የቻይና ሠራተኞች እንዳይገቡ በሕግ የታገዱበት፥ ወላጆቹም ዜግነት ሊጠይቁ የማይችሉበት ዘመን ነበረ። ሆኖም ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1898 ዓ.ም. ፈረደለት። ፕሬዚዳንት ዶናልድ ትራምፕ በጃንዋሪ 20 ቀን 2025 ዓ.ም. ባወጡት ትእዛዝ ግን፥ እናቱ ያለ ፈቃድ ወይም በጊዜያዊ ፈቃድ የምትኖር፥ አባቱም ዜጋ ወይም ቋሚ ነዋሪ ያልሆነ ሕፃን ከእንግዲህ ዜጋ እንዳይባል አዘዙ። የበታች ፍርድ ቤቶች ትእዛዙን አገዱት፤ ክርክሩም በዚያው ዓመት እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። የሕጉን ቃል ዳኞች ይተርጕሙት፤ እኔ የምናገረው ስለ ሥነ ምግባሩ ነው።

የተማሪዬን ሐሳብ ንቄ አልተወውም። በመጀመሪያ «ሕግ ለጣሰ ሰው ሽልማት ነው» ይላል። ሕግ የጣሰው ማን ነው? ሕፃኑ ድንበር አልዘለለም፤ የቪዛ ቀን አላሳለፈም። ወላጆቹም ልጃቸው ዜጋ ስለ ሆነ ብቻ ከመባረር አይድኑም፤ ልጁ ስለ እነርሱ ለማመልከት 21 ዓመት መሙላት አለበት። ሃያ አንድ ዓመት የሚጠበቅ ሽልማት ምን ዐይነት ሽልማት ነው? መንግሥት ድንበሩን ሊጠብቅ፥ ያለ ፈቃድ የገባውንም በሕግ ሊጠይቅ መብት አለው፤ ይህን አልክድም። ዳሩ ግን አዋቂውን መቈጣጠር አቅቶት በሕፃኑ ላይ ሲበረታ፥ አበው እንደሚሉት አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ነው።

ሁለተኛም «እኛ ወረፋ ጠብቀናል» ይላል። ወረፋ የጠበቀው እርሱ ነው፤ ልጁ አንድ ቀን እንኳ አልጠበቀም። የልጁ ዜግነት ከአባቱ ዜግነት በብዙ ዓመት ቀድሞ መጣ። በአባቱ መከራ የተገዛ አልነበረምና፥ በሌላው አባት ጥፋት ሊከለከል አይገባም።

ሦስተኛም «ሌሎች አገሮች እንዲህ አያደርጉም» ይላል። እውነት ነው። ብሪታንያ በ1983፥ አውስትራልያም በ1986 ዓ.ም. ይህን ሥርዐት ገደቡት፤ አየርላንድም በ2004 ዓ.ም. በሕዝብ ድምፅ ገደበችው። ነገር ግን በብሪታንያና በአውስትራልያ እንኳ ተወልዶ እስከ ዐሥር ዓመቱ በዚያው ያደገ ልጅ፥ የወላጆቹ ወረቀት ምንም ቢሆን፥ ዜጋ የሚሆንበት መንገድ በሕግ ተተውቶለታል።

በመጨረሻም «ትእዛዙ ገና ለሚወለዱት ነው፤ የኔን ልጅ አይነካም» ይላል። የዶሚኒካን ሪፑብሊክን ታሪክ ይመልከት። የዚያች አገር የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት በ2013 ዓ.ም. ሲፈርድ፥ ሕጋዊ ወረቀት ከሌላቸው የውጭ አገር ሰዎች የተወለዱት ከ1929 ዓ.ም. ጀምሮ ዜጎች አልነበሩም አለ። ብዙዎቹ አያቶቻቸው ሸንኮራ ሊቈርጡ ከሃይቲ የመጡ ነበሩ። ሌላ አገር አይተው የማያውቁ በብዙ ዐሥር ሺሕ የሚቈጠሩ ሰዎች በአንድ ፍርድ አገር አልባ ሆኑ። በ2014 ዓ.ም. ለከፊሎቹ መፍትሔ የሚሆን ሕግ ቢወጣም ሁሉን አላዳነም። የልጅን አገር በአባት ወረቀት መመዘን የጀመረ ሰው የት ላይ እንደሚያቆም ማን ዋስ ይሆናል?

ተማሪዬን የምወቅሰው እኔ ንጹሕ ሆኜ አይደለም። በሚስዮን ትምህርት ቤት አብሮኝ የሚቀመጥ የአንድ የመናዊ ባለሱቅ ልጅ ነበረ። እናቱም የመናዊት ነበረች። በከተማችን ተወልዶ ያደገ፥ በአማርኛ ንባብ ሁላችንን የሚበልጥ ልጅ ነበረ፤ እኛ ግን «ዐረቡ» እንለው ነበር እንጂ በስሙ አንጠራውም። የኢትዮጵያ ዜግነት ከ1930 ዓ.ም. ሕግ ጀምሮ በደም የሚወረስ ነው፤ በ2003 ዓ.ም. የወጣውም አዋጅ ከወላጆቹ አንዱ ኢትዮጵያዊ የሆነውን ልጅ ኢትዮጵያዊ ያደርጋል እንጂ የተወለደበትን ምድር አይጠይቅም። ስለዚህ ያ ጓደኛችን ሲያድግ በተወለደባት ከተማ ለመኖር የመኖሪያ ፈቃድ ተጠየቀ። እኔም «ሕጉ ነው» ብዬ አለፍሁት። በኋላ ወደ የመን ሄደ፤ እዚያ ደግሞ «ሐበሻው» እንደሚሉት ጻፈልኝ። ያን ደብዳቤ ሳነብ «ሕጉ ነው» ያልሁበት አፌ መረረኝ።

ይህን ጽሑፍ ከማሳተሜ በፊት ለተማሪዬ ላክሁለት። «ጋሼ፥ ለልጄ እኔው ራሴ እነግረዋለሁ፤ ስማችንን ብቻ አይጥሩብን» ብሎ መለሰልኝ። ስለ ሌሎቹ ሰዎች ልጆች ግን ሐሳቡን መለወጡን አልጻፈልኝም። እንግዲህ ወጣቶች ሆይ፥ እናንተም አንድ ቀን በሰው አገር ወይም በገዛ አገራችሁ ጠግባችሁ ቡና ስትጠጡ ይህ ጨዋታ ይነሣል። በዚያን ጊዜ የበላችሁበትን ወጪት አትስበሩ፤ እንደ እኔም ዝም አትበሉ።