የአሜሪካ ሕክምና ለማን ነው?

በ1985 ስታን ብሮክ የሚባል እንግሊዛዊ በአሜሪካ፣ በቴነሲ ግዛት፣ አንድ የበጎ አድራጎት ማኅበር አቋቋመ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ሰውየው በወጣትነቱ በደቡብ አሜሪካ፣ በጉያና፣ የከብት እረኛ ሳለ ፈረስ ጥሎት ክፉኛ ተጎድቶ ነበር። ሐኪም የሚገኝበት ስፍራም በእግር የብዙ ቀን መንገድ ሆነበት። ስለዚህ የማኅበሩ ዓላማ ሐኪም ወደማይደርስበት ጫካ ሐኪሞችን ማድረስ ነበር። ይኸው ማኅበር ግን ለብዙ ዓመታት በየሐምሌው ድንኳኑን የተከለው በጫካ ውስጥ ሳይሆን፣ ዋይዝ በምትባል የቨርጂንያ ወረዳ፣ የከብት ትርዒት በሚታይበት ሜዳ ላይ ነው። ሕዝቡ ከዋዜማው ጀምሮ በየመኪናው ውስጥ እያደረ ተራ ይጠብቅ ነበር፤ ሲነጋም ለከብት በተሠራው በረት ውስጥ ጥርሱን ይነቀላል፣ ዓይኑን ይመረመራል። ቨርጂንያ ማለት የአሜሪካ ጦር ዋና መሥሪያ ቤት፣ ፔንታጎን፣ የቆመበት ግዛት ነው።

ይህን የምናነሣው በሰው አገር ለመሳለቅ አይደለም። በምግብ አዳራሹም ሆነ በመኝታ ክፍላችን ስለ አሜሪካ ሲነሣ ሁለት ዓይነት ክርክር እንሰማለን። አንዱ ወገን፣ አገሪቱ ባለጸጋ ናትና ሕክምናዋ ለሁሉ ይደርሳል፣ ያልደረሰው ካለ ሰነፍ ነው ይላል። ሌላው ወገን ደግሞ፣ ካፒታሊዝም ነውና ሌላ ምን ይጠበቃል ብሎ ነገሩን በአንድ ቃል ይዘጋዋል። ሁለቱም መርምረው የሚናገሩ አይመስለንም። ገንዘብ አልጠፋም፤ በ2023 አሜሪካ ለጤና ያወጣችው 4.9 ትሪሊዮን ዶላር፣ ይኸውም ከጠቅላላ የአገር ውስጥ ምርቷ 17.6 በመቶ ነበር። በዚያው ዓመት 26 ሚሊዮን ያህል ሰው የጤና ኢንሹራንስ አልነበረውም። ካፒታሊዝም ነው የሚለውም መልስ አያጠግብም፤ ስዊስም ጀርመንም ካፒታሊስት ናቸው፣ ሕዝባቸው ግን በሕግ ኢንሹራንስ አለው። በእኛ አስተያየት፣ በአሜሪካ ማን ይታከም የሚለውን የሚወስነው በየዘመኑ በምክር ቤት የተደረገ ውል ነው። ውሉ ሲጻፍም ብዕሩ አጠገብ የተቀመጡት ከበሽታው ትርፍ የሚያገኙት ነበሩ።

ነገሩ የጀመረው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ነው። በ1942 የደመወዝ ጭማሪ በሕግ ሲገደብ፣ ሠራተኛ ያጠራቸው ፋብሪካዎች በጭማሪው ፈንታ የሕክምና ኢንሹራንስ እንሰጣለን እያሉ ሰው ይስቡ ጀመር። በ1954 ደግሞ አሠሪው የሚከፍለው ይህ ኢንሹራንስ ከገቢ ግብር ነጻ መሆኑ በሕግ ጸና። እንዲህ ሆኖ የሰው ጤና ከቀጣሪው ጋር ተሳሰረ። ፕሬዚዳንት ትሩማን በኅዳር 1945 ለሁሉም የሚሆን ብሔራዊ የጤና ኢንሹራንስ እንዲቋቋም ምክር ቤቱን ጠይቀው ነበር። ተነሥቶ የተቃወማቸው ማን ቢሆን ጥሩ ነው? የሐኪሞቹ ማኅበር ራሱ! ከየአባሉ 25 ዶላር እንዲዋጣ ወስኖ፣ የማስታወቂያ ባለሙያዎች ቀጥሮ፣ ሐሳቡ «የሶሻሊስት ሕክምና» እንዲባል አደረገ። በዚያ ዘመን በአሜሪካ ይህ ስም የወጣለት ሐሳብ ዕድሜ አልነበረውም። ለሽማግሌዎች ሜዲኬር፣ ለድሆች ሜዲኬይድ የሚባሉት የመንግሥት ኢንሹራንሶች የተገኙት ከ20 ዓመት በኋላ፣ በ1965 ነው።

የ2003ቱን ሕግ ግን ቀረብ ብሎ ማየት ይገባል። ሜዲኬር የሽማግሌዎችን የመድኃኒት ወጪ እንዲሸፍን ተወሰነ፤ መልካም ነገር ነው። በዚያው ሕግ ውስጥ ግን የጤና ሚኒስትሩ በዋጋ ድርድር እንዳይገባ የሚከለክል ዐረፍተ ነገር ሰፈረ። በመድኃኒት ገበያ ውስጥ ከሁሉ የሚበልጠው ከፋይ «ቀንሱ» እንዳይል በሕግ ታገደ ማለት ነው! በርበሬ ለመሸመት ገበያ የምትወጣ እናታችን ይህን ብትሰማ ምን እንደምትል መገመት አያቅትም። የቀድሞ ወታደሮችን የሚያክመው የዚያው መንግሥት መሥሪያ ቤት ግን ይደራደራል፣ በርካሽም ይገዛል። ሕጉ በሕግ መምሪያው ምክር ቤት ለድምፅ የቀረበው ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነበር፤ ቆጠራው ሦስት ሰዓት ያህል ተጎትቶ፣ ሊነጋ ሲል 220 ለ215 አለፈ። ሕጉን በማርቀቅ ከመሩት አንዱ የነበሩት የኮሚቴ ሊቀ መንበር ቢሊ ቶዚን በ2005 መጀመሪያ የመድኃኒት ፋብሪካዎች ማኅበር ፕሬዚዳንት ሆነው ሥራ ያዙ። ሕግ አልጣሱም። እኛን የሚያስደንቀንም ይኸው አለመጣሳቸው ነው። ደጅ ጥናት የእኛ አገር ልማድ ብቻ ይመስለን ነበር፤ በዋሺንግተን ግን ተመዝግቦ፣ ቢሮ ተከራይቶ፣ ደመወዝ ተቆርጦለት የሚሠራ ሞያ ነው። እገዳው የተነካው በ2022 ነው፤ ያውም ለመጀመሪያው ዙር 10 መድኃኒቶች ብቻ ተመርጠው፣ አዲሱ ዋጋቸው ከ2026 መግቢያ ጀምሮ እንዲጸና ተወሰነ።

ትርፍ ከሌለ አዲስ መድኃኒት አይገኝም የሚሉን ወዳጆች አሉ። ከፊል እውነት አለበት። ኢንሱሊንን ግን ምን እንበል? በ1921 በካናዳ፣ በቶሮንቶ፣ ተገኘ፤ የፓተንቱ ባለመብቶችም በ1923 መብታቸውን ለዩኒቨርሲቲው በነፍስ ወከፍ በ1 ዶላር ሸጡት። ሁማሎግ የተባለው ዓይነት በ1996 ለገበያ ሲወጣ አንዱ ብልቃጥ 21 ዶላር ነበር፤ በ2019 እስከ 275 ዶላር ደርሶ ነበር። በብልቃጡ ውስጥ ያለው ፈሳሽ ያው ነው። የጨመረው፣ ፋብሪካው ዋጋውን ከፍ አድርጎ ይጽፍና ለኢንሹራንሶቹ ደላሎች በጓሮ በር ቅናሽ ስለሚመልስ ነው። ሙሉውን የሚከፍለው ደላላ የሌለው ድሃ ነው። ከ2023 ጀምሮ ለሜዲኬር ሰዎች የወሩ ኢንሱሊን ከ35 ዶላር እንዳይበልጥ ሕግ ሲያዝ፣ ፋብሪካውም በዚያው ዓመት የሁማሎግን ዋጋ በ70 በመቶ እንደሚቀንስ አስታወቀ። ይቻል ኖሯል።

አሁን ወደ ወገኖቻችን እንምጣ። ከፖቶማክ ወንዝ በአንዱ ወገን ሜሪላንድ፣ በሌላው ቨርጂንያ ይገኛሉ፤ በሁለቱም ብዙ ኢትዮጵያውያን ይኖራሉ። በ2015 አንዱ በሲልቨር ስፕሪንግ፣ አንዱ በአሌክሳንድርያ የሚኖሩ ሁለት ታክሲ ነጂዎች ነበሩ እንበል። ሁለቱም ወንደላጤ፣ ሁለቱም የመኖሪያ ፈቃዳቸው አሥር ዓመት ያለፈው፣ ሁለቱም ስኳር በሽታ ሙሉ ቀን አላሠራ ብሏቸው በዓመት 11,000 ዶላር ብቻ የሚያገኙ ናቸው። የ2010ሩ ሕግ እንዲህ ያሉትን ሁሉ በሜዲኬይድ ሊያስገባ ነበር፤ በ2012 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ጉዳዩን ለየግዛቱ ፈቃድ ተወው። ሜሪላንድ ተቀበለች፣ የሲልቨር ስፕሪንጉ ሰው ታከመ። የቨርጂንያ ምክር ቤት ግን፣ እስከ 2016 ድረስ ሙሉ ወጪውን የዋሺንግተን መንግሥት ሊከፍልለት ሳለ፣ እንቢ አለ። የግል ኢንሹራንስ ለሚገዛ ሰው የሚሰጠው ድጎማ ደግሞ የሚጀምረው ከድህነት መስመር በላይ ነው፤ ከዚያ በታች ያለው ሜዲኬይድ ያገኛል ተብሎ ነበርና። ስለዚህ የአሌክሳንድርያው ሰው ለእርዳታ ድህነቱ በዛ! ቨርጂንያ በሯን የከፈተችው በ2017 በተደረገው ምርጫ የምክር ቤቱ ሚዛን ከተለወጠ በኋላ፣ በ2019 መግቢያ ነው። ቴክሳስን፣ ፍሎሪዳንና ጆርጂያን ጨምሮ 10 ግዛቶች በ2025ም አልተቀበሉም ነበር።

ሆስፒታሎች ድንገተኛ ሕመምተኛን አይመልሱም፣ የ1986ቱ ሕግ ያስገድዳቸዋል የሚል አይጠፋም። እውነት ነው። ነገር ግን ኢንሱሊን የጎደለው ሰው ራሱን እስኪስት ድረስ ድንገተኛ አይባልም፤ ነፍሱ ከተረፈችም በኋላ ሒሳቡ በፖስታ ይከተለዋል።

በሐምሌ 2025 የወጣው ሕግ ደግሞ፣ በዚህ በር የገቡት ጎልማሶች በወር 80 ሰዓት መሥራታቸውን እንዲያስመሰክሩ፣ ግዛቶቹም ይህን እስከ 2027 መግቢያ ድረስ እንዲያስፈጽሙ ያዛል። ሰው ቢሠራ ምን ይጎዳዋል ይባል ይሆናል። አርካንሶ በ2018 ይህንኑ ሞክራው ነበር፤ ማስረጃው መጀመሪያ በኢንተርኔት ብቻ ይቀርብ ነበር፣ ድረ ገጹም ሌሊት ሌሊት ይዘጋ ነበር። በጥቂት ወራት ውስጥ 18,000 ያህል ሰው ከመዝገብ ተሰረዘ፤ በ2019 ፍርድ ቤት አስቆመው። ለፋብሪካ ሠራተኛ አሠሪው ወረቀት ይጽፍለታል፤ ለራሱ ለሚሠራ ታክሲ ነጂ ግን ማን ይፈርምለታል? እዚያ አጎት ወይም ወንድም ያላችሁ አንባቢያን፣ በሚቀጥለው ጊዜ ስትደውሉ የየቀኑን ገቢ የሚያሳየውን ወረቀት እንዳይጥል፣ ከመንግሥት የሚመጣለትንም ፖስታ ሳይከፍት እንዳያስቀምጥ ንገሩት።