«ምራቴ ጥሬ ጎመን አበላችን!»

እኛ እዚህ ደብረ ብርሃን ብርዱን በጋቢ እየተከላከልን አለን። የዛሬው ጨዋታችን ስለ ብሮኮሊ ነው። «ደግሞ እሱ ምንድነው?» የምትሉ ካላችሁ፣ የአበባ ጎመን አረንጓዴ ወንድም በሉት።

ነገሩን ያመጣችብኝ አንዲት የሰፈሬ ልጅ ናት። ቤይሩት ስድስት ዓመት ሰው ቤት ሠርታ ተመለሰች፤ አግብታ አሁን ከአማቷ ጋር ትኖራለች። ከአዲስ አበባ ባስመጣችው ዘር ጓሮዋ ብሮኮሊ ተከለች፤ አማረላትም። ትልቁን ራስ ቆርጣ ተክሉን ሳትነቅል ብትተወው፣ ከየጎኑ እንደ እርሳስ የቀጠነ፣ ጫፉ ላይ እምቡጥ ያለው አገዳ አወጣ። ብሮኮሊ እንዲህ ነው፤ ራሱ ሲቆረጥ ከጎን ያቆጠቁጣል። (ውጭ አገር ባለ ረጅም አገዳ ተብሎ በውድ የሚሸጠው ሌላ ዝርያ ነው። የጃፓኑ ሳካታ ኩባንያ ብሮኮሊንና የቻይና ጎመንን አዳቅሎ ያወጣው ነው። አበሳሰላቸው ግን ያው ነው።)

አማትየው እምቡጡን ሲያዩ «ጎመኑ አብቦ አረጀብሽ!» አሉና አንድ እቅፍ ቆርጠው ለበጉ ሰጡት። አይፈረድባቸውም፤ የኛ ጎመን ካበበ አበቃለት። የተረፈውን ልጅቷ ቤይሩት እንደለመደችው ሁለት ደቂቃ ብቻ ቀቅላ፣ ሎሚ ጨምቃ አቀረበች። አማት አንዴ ጎረሱና በማግስቱ ቡና ላይ «ምራቴ ጥሬ ጎመን አበላችን!» ብለው ለጎረቤት አወሩ።

እኔ ዘንድ እያለቀሰች መጣች። «ስድስት ዓመት ለሰው አብስዬ ተበልቶልኛል፤ በገዛ ቤቴ አንድ ቀን እንኳ ይበላልኝ» አለችኝ። እኔስ ማን ሆኜ ነው የምመክረው? መጀመሪያ ያገኘሁትን ብሮኮሊ እንደ ጎመን አንድ ሰዓት ቀቅዬ ቤቱን ያሸተትኩ፣ አመድ የመሰለ ነገር ያወጣሁ ሰው ነኝ! ለማንኛውም ቅዳሜ ዕለት አብረን ማድ ቤት ገባን።

እውነቱን ለመናገር አማትየው ጨርሰው አልተሳሳቱም። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ውኃ እዚህ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ91 ዲግሪ አካባቢ ነው። ቤይሩት ሁለት ደቂቃ የበቃው እዚህ አራት ያህል ይፈልጋል።

እንዲህ አደረግን። የአገዳውን ታች ጠንካራ ልጣጭ ላጥን፤ ወፈር ያለውን በቁመቱ ለሁለት ሰነጠቅን። ሁሉንም ለጉርሻ በሚመች መጠን ቆራረጥን። ጨው የገባበት ውኃ ሲንተከተክ መጀመሪያ አገዳውን፣ ከአንድ ደቂቃ ተኩል በኋላ እምቡጡን ጨመርን። ድስቱን አትክደኑት። ቢላዋ አገዳው ውስጥ ሳይታገል ከገባ በስሏል፤ ወዲያው ውኃውን አጥልሉ፣ አለበለዚያ ይላሽቃል። ከዚያ ዘይት ሞቅ አድርጎ፣ የተከተፈ ነጭ ሽንኩርት ሽታው እስኪወጣ ብቻ ማቁላላት (ካረረ ይመራል!)፣ ቃሪያ ጣል፣ ብሮኮሊውን ገልበጥ፣ አማስሎ ማውጣት ነው። ሎሚ ለሚወድ ገበታ ላይ ይጭመቅ፤ ቀድሞ ከገባ አረንጓዴው ይጠፋል።

መቀቀል የሰለቸው መጥበሻ ላይ በትንሽ ዘይት አስቀምጦ፣ ውኃ ርጭ አድርጎ ሦስት ደቂቃ ይክደን፤ ከዚያ ከፍቶ ጠርዙ ቡናማ እስኪል ያገላብጥ። እኔ ይሄኛው ይበልጥብኛል። በፍስክ ቀን ዘይቱን በለጋ ቅቤ ለውጦ አይብ ከጎኑ ማድረግ ነው።

ልጅቷ ረቡዕ፣ የጾሙን፣ ከምስር ወጥ ጋር እንጀራ ላይ አወጣችው። ስሙን እንዳትጠሪ ብያት ነበር፤ አልጠራችም። አማትየው ጎረሱ። ዝም። ደግመው ጎረሱ። አሁንም ዝም። እጃቸውን ሲታጠቡ ግን ወደ ልጃቸው ዞር ብለው፣

«ስማ፣ ያንን በግ ከጓሮው ራቅ አድርገህ እሰረው» አሉት።