ሃምሳው ሎሚ በማን እጅ ነው?

የካቲት 11 ቀን 2013 ዓ.ም.፣ ከምሽቱ አራት ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው። ኦስሎ ውስጥ ኮሮና ቤት ዘግቶብን ከኖርዌያዊው የቤት ተጋሪዬ ጋር ላፕቶፕ ላይ አፍጥጠናል። የናሳዋ ተሽከርካሪ ፐርሲቪራንስ ማርስ ላይ አረፈች። ልጁ ከመቀመጫው ዘሎ ጮኸ። «የአሜሪካ አይደለችም እንዴ፣ አንተን ምን አስጮኸህ?» ብለው፣ «ሆዷ ውስጥ የእኛ ራዳር አለ» አለኝ።

እውነቱን ነው። ሪምፋክስ የተባለው ራዳር የተሠራው ከኦስሎ ብዙም በማይርቀው ሼለር፣ በኖርዌይ መከላከያ ምርምር ተቋም ነው። ሥራውን የመሩት የኦስሎ ዩኒቨርሲቲው ስቫይን ኤሪክ ሃምራን ናቸው። ከማርስ አፈር በታች አሥር ሜትርና ከዚያም በላይ ዘልቆ ያያል። ተሽከርካሪዋ ከተሸከመቻቸው ሰባት መሣሪያዎች የአየር ጠባይ መለኪያው የስፔን ነው፤ ሱፐርካም ላይ ደግሞ የፈረንሳይ እጅ አለበት። ኖርዌይ ማርስ የሚደርስ ሮኬት የላትም። ግግር በረዶን በራዳር መመርመር ግን ታውቅበታለች፤ ያንኑ ይዛ ሄደች።

እኛ «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» እንላለን። ተረቱ ያልነገረን ግን የትኛው ሎሚ የማን እንደሆነ ነው። በእንዲህ ያለ ፕሮጀክት የእያንዳንዱ አጋር ዕቃ ክብደቱ፣ የሚወስደው ኤሌክትሪክ፣ የሚታሰርበት ብሎን፣ መረጃ የሚልክበት መንገድ ሳይቀር አስቀድሞ ተጽፎ ይፈረምበታል። ቀልድ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1999 ማርስ ክላይሜት ኦርቢተር የጠፋችው አንዱ ወገን በፓውንድ፣ ሌላው በኒውተን ስላሰላ ነው። አንዱ ሎሚውን ጥሎ ቢሄድስ? የአውሮፓ ጠፈር ኤጀንሲ ይህን ሁለቴ ቀምሶታል። ሮዛሊንድ ፍራንክሊን የምትባለውን ተሽከርካሪ ወደ ማርስ ለመላክ ከተያዘው ፕሮጀክት እ.ኤ.አ. በ2012 አሜሪካ ወጣች፣ ሩሲያ ተተካች፤ በ2022 ደግሞ በዩክሬን ጦርነት ምክንያት ከሩሲያም ጋር ተለያዩ። ለጉዞ የተዘጋጀችው ተሽከርካሪ መሬት ላይ ቀረች።

ወደ እኛ ልምጣ። ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ኢቲአርኤስኤስ 1 ከቻይና ስትመጥቅ አልቅሻለሁ፤ አላጣጥላትም። አብዛኛውን ወጪ ቻይና ሸፍናለች፣ መሐንዲሶቻችን በንድፉ ተሳትፈዋል፣ መቆጣጠሪያዋም እንጦጦ ነበር። ግን ነገ አንድ ትልቅ ፕሮጀክት ሲዋቀር «ይህቺን ኢትዮጵያ ካላመጣች አይሆንም» የሚባልልን ምን አለን?

እኔ ዳሎል እላለሁ። ጨዉ፣ አሲዱና ሙቀቱ የማርስ ተመራማሪዎችን ከአውሮፓ ድረስ ይጎትታቸዋል፤ እ.ኤ.አ. በ2019 ሁለት ቡድኖች እዚያ ሕይወት አለ፣ የለም ብለው የተቃረነ ውጤት አሳትመዋል። የእኛ ሎሚ ይኼ ነው። ናሙና ሊወስድ የሚመጣ ሁሉ ግማሹን አገር ውስጥ እንዲተው፣ የአገር ቤት ተማሪ ከመጀመሪያው ቀን ቡድኑ ውስጥ እንዲገባ፣ መሣሪያውን እዚያ የሚሞክርም መረጃውን እንዲያካፍል በሁለት ገጽ ጽፎ ማስፈረም ሮኬት አይጠይቅም።

እዚህ ያለነውስ? በየስብሰባው «በሙያችሁ አግዙ» እንባላለን። የትኛውን ብሎን እንደምናጠብቅ የሚነግረን ግን የለም። እኔ ራሴ ሁለት ጊዜ የባለሙያዎች መዝገብ ላይ ስሜን ጽፌአለሁ፤ እስካሁን የደወለልኝ የለም። የራዳር መረጃ ማጣራት እችላለሁ፤ ቅዳሜና እሁድም ነፃ ነኝ።