አምቡላንሱ እስኪደርስ፦ በጉና ዙሪያ የተጎጂ ሕይወት በማን እጅ ነው?

ትንታኔ

እንበልና ከጋሳይ ወደ ንፋስ መውጫ በሚወስደው መንገድ ላይ ድንች የጫነ አይሱዙ ተገለበጠ። ክረምት ነው፣ ጊዜው መሽቷል፣ ጭጋጉ ወርዷል። ረዳቱ ጭኑ ላይ ተቆርጦ ደም ይፈሰዋል። አምቡላንስ ቢደወልለት ይመጣል? ኔትወርክ ካለ፣ ነዳጅ ካለ፣ መንገዱ ካልተዘጋ፣ ሾፌሩም በጨለማ ለመውጣት ከደፈረ፣ አዎ። ደም ግን ይህን ሁሉ አይጠብቅም። ትልቅ የደም ሥር የተቆረጠበት ሰው በደቂቃዎች ውስጥ ሊሞት ይችላል።

ስለ ደቡብ ጎንደር ጤና ሲወራ የሚነሳው ሁሌም የሆስፒታልና የአምቡላንስ እጥረት ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው። ነገር ግን አሁን ባለንበት ሁኔታ የብዙ ተጎጂዎች ዕጣ የሚወሰነው ሆስፒታል ከመድረሳቸው በፊት፣ መሬት ላይ በተኙባት የመጀመሪያ ግማሽ ሰዓት ነው። በዚያች ሰዓት ደግሞ አጠገባቸው ያለው ሐኪም አይደለም። እረኛ ነው፣ የባጃጅ ሾፌር ነው፣ የመኪና ረዳት ነው፣ ከገበያ የሚመለስ ገበሬ ነው።

ችግሩ ምን ያህል ነው?

ከወረታ ተነስቶ በደብረ ታቦርና በጋሸና አድርጎ ወልድያ የሚገባው፣ በተለምዶ "የቻይና መንገድ" የምንለው መስመር ለዞኑ ዋናው መውጫ ነው። ከደብረ ታቦር ባሕር ዳር ወደ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከአስፋልቱ ወጣ ብላችሁ ወደ ስማዳ፣ ወደ አንዳቤት ወይም ወደ ታች ጋይንት ገጠር ስትገቡ ታማሚ የሚወጣው በቃሬዛ ነው። ሐምሌ 28 ቀን 2015 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀ ወዲህ በክልሉ ያየነው ደግሞ ይታወቃል። ግጭት፣ የሰዓት እላፊ፣ የመንገድ መዘጋት፣ የኔትወርክ መቋረጥ። ቀድሞ የአንድ ሰዓት የነበረ መንገድ ግማሽ ቀን ሊፈጅ፣ ጭራሽ ላይኬድም ይችላል።

በወረቀት ላይ ግን መፍትሔው ድሮ ተጽፏል። በ1995 የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ሲጀመር 16 ፓኬጆች የነበሩት ሲሆን ከእነሱ አንዱ የመጀመሪያ ዕርዳታ ነበር። ማለትም በየቀበሌው ያለው ሕዝብ ይህን መማር ነበረበት። እስቲ ራሳችንን እንጠይቅ፦ ክትባትና መጸዳጃ ቤት ላይ የተማርነውን ያህል ደም ማቆም ላይ ተምረናል? ቡና ዱቄት ቁስል ላይ የምንነሰንስ፣ ራሱን ለሳተ ሰው ውሃ የምንግት ስንት ነን?

ቀድሞ የደረሰ ሰው ምን ያድርግ?

አንደኛ፣ ለራስ ማየት። መኪና ይመጣል? ተኩስ አለ? የኤሌክትሪክ ሽቦ ወድቋል? ሁለተኛ ተጎጂ የሆነ ሰው ማንንም አይረዳም።

ሁለተኛ፣ ደም ማቆም። ንጹሕ ነጠላ ወይም ሻሽ አጣጥፎ ቁስሉ ላይ በሁለት እጅ አጥብቆ መጫን። "ቆመ ወይ?" እያሉ መግለጥ የለም፤ ቢያንስ 10 ደቂቃ። ከእጅ ወይም ከእግር የሚፈሰው ደም በዚህ አልቆም ካለና እያሰጋ ከሆነ፣ ከቁስሉ በላይ በሰፊ ጨርቅ አስሮ፣ እንጨት አስገብቶ ደሙ እስኪቆም ማጠንጠን። መገጣጠሚያ ላይ አይታሰርም። ሲባጎና ሽቦ ሥጋ ይቆርጣሉ፣ አይሆኑም። የታሰረበትን ሰዓት መጻፍ፣ ከዚያ ሐኪም እስኪያየው አለመፍታት።

ሦስተኛ፣ ትንፋሽ። ራሱን የሳተ ግን የሚተነፍስ ሰው ራሱ፣ አንገቱና ወገቡ እኩል ሳይጠማዘዙ ተደግፎ በጎኑ ይተኛል። ትውከትና ደም እንዳያንቀው ነው። በአፉ ውሃም አረቄም አይሰጥም።

አራተኛ፣ ብርድ። ጉና ከ4,000 ሜትር በላይ ነው፤ ደጋችን በሐምሌ ሌሊት ደህናውን ሰው ያንቀጠቅጣል። ደም የፈሰሰው ሰው ሲበርደው ደግሞ ደሙ መርጋት ያቅተዋል። ስለዚህ እርጥብ ልብሱን አውልቆ መሸፈን ነው። ብዙዎቻችን ጋቢውን ከላይ እንጥልና ከሥር እንረሳለን። ሙቀቱን የሚወስደው ግን እርጥቡ መሬትም ነው፤ ከሥሩም ይነጠፍለት።

አምስተኛ፣ ማንሳት። ከአደጋ የወጣን ሰው እጅና እግሩን ይዞ ባጃጅ ውስጥ አጥፎ መክተት የተረፈ አከርካሪ ሊሰብር ይችላል። ቦታው ራሱ አስጊ ካልሆነ፣ ቃሬዛ ወይም ሰሌዳ ይፈለግ፤ ቢያንስ አራት ሰው፣ አንዱ ራሱን ይዞ፣ ባንድ ላይ ያንሱት።

የክረምታችን ሌላ ገዳይ መብረቅ ነው። መብረቅ የመታው ሰው ገላ ላይ ኤሌክትሪክ አይቀርም፤ መንካት ይቻላል። ብዙ ሰው ከተመታ ቅድሚያ የሚሰጠው ለሚጮኸው ሳይሆን ትንፋሹ ለቆመው ነው። ደረቱ መሃል ላይ በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ በኃይል መጫን ሊመልሰው ይችላል።

"ኋላ ጣጣ ቢመጣብኝስ?"

ሰው ቆሞ የሚያይበት ዋናው ምክንያት ይሄ ነው። በተለይ አሁን። "ያነሳሁት ቁስለኛ የማን ወገን ነው ብባልስ?" ስጋቱ የሐሰት አይደለም፣ ሕጉን ማወቅ ግን ይጠቅማል። የወንጀል ሕጋችን አንቀጽ 575 በራሱ ላይ አደጋ ሳይደርስበት መርዳት እየቻለ የሞት አደጋ ላይ ያለን ሰው ትቶ የሄደን ይቀጣል። ኢትዮጵያ በ1986 የተቀበለችው የጄኔቫ ስምምነቶች ሁለተኛ ተጨማሪ ፕሮቶኮል ደግሞ በአገር ውስጥ ግጭት ጊዜም ቁስለኛ ያለ ልዩነት እንዲታከም፣ ተገቢውን ሕክምና የሰጠም የታከመው ማንም ይሁን ማን እንዳይቀጣ ይደነግጋል። ይህ ለመንግሥትም ለታጣቂም የሚሠራ ግዴታ ነው። ለመኪና አደጋ ደግሞ አዋጅ ቁጥር 799/2005 አለ፤ ጤና ተቋም ተጎጂውን ገንዘብ አስቀድም ሳይል አስቸኳይ ሕክምና እንዲሰጥ ያስገድዳል። ይህን የሚያውቅ ስንት አድራሹ አለ?

ታዲያ ምን ይደረግ?

ሰላም እስኪመጣ፣ አምቡላንስ እስኪበዛ መጠበቅ የለብንም። የዕድር ዕቃ ቤት ድንኳንና ድስት ያስቀምጣል፤ አንድ ደህና ቃሬዛ፣ ጥቂት ፋሻና አንድ ብርድ ልብስ ቢጨመርበት ዕድሩ አይከስርም። የባጃጅ ማኅበራትና የመኪና ረዳቶች የግማሽ ቀን ሥልጠና ቢያገኙ መንገዱ ላይ የሚውሉት እነሱ ናቸው። ደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ የጤና ተማሪዎች አሉት። የዞኑ ጤና መምሪያም ያ 16ቱ ውስጥ የነበረው ፓኬጅ የት እንደደረሰ ለሕዝብ ቢናገር ጥሩ ነው።

ዕድራችን ለቀብር ማንም አይቀድመውም። ሳይሞት ለመድረስም እንዲሁ እንዘጋጅ።

ኔትወርክ ለማያገኙ ወገኖቻችሁ አንብቡላቸው።