ቆሞ ያረጀ ጠርሙስ

«ወይን በቆየ ቁጥር ይጣፍጣል» ያለው ሰው ድሬዳዋ ላይ አንድ ግንቦት አላሳለፈም።

አባቴ ከምድር ባቡር ጡረታ ሲወጣ አንድ ጣሊያናዊ ወዳጁ አንድ ጠርሙስ ባሮሎ ሰጠው። አባቴም ለታናሽ እኅቴ ሠርግ ይሁን ብሎ ሳሎን ቡፌው ላይ፣ ከፎቶግራፎቹ መሐል አቆመው። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ቆመ። በመልሱ ዕለት ሲከፈት ቡሹ ተፈረፈረ፤ የተቀዳውም እንደ ከረመ ሻይ የጠቆረ፣ የተቀቀለ ፍሬና ኮምጣጤ የሚሸት ነገር ሆነ። እንግዶቹ ግን አጨበጨቡ። አንዱማ፣ ብዙ አገር አይቻለሁ ባይ፣ ብርጭቆውን አዙሮ አሸተተና «ይህ የዕድሜ ሽታ ነው፤ ሐርላስ ቢሆን የከበረው ስንት ዘመን አፈር ውስጥ ቆይቶ አይደለምን?» አለ።

አንባቢ ሆይ፣ ይህን የምጽፈው ያንን ሰው ለመሞገት ነው፤ አብሬ የጠጣሁትን እኔንም ጭምር።

ባሮሎ በእርግጥ ለመቆየት የተሠራ ነው። በሰሜን ጣሊያን፣ በፒየሞንቴ፣ ኔቢዮሎ ከተባለ ወይን ይጠመቃል፤ በሕጋቸው ቢያንስ 38 ወር፣ ከዚያም ውስጥ 18ቱን በእንጨት በርሜል ካልቆየ አይሸጥም። ለጋ ሳለ ጫት እንዳኘከ ሰው አፍን ያደርቃል። ዓመታት ይህን ያለዝቡታል፤ ቀለሙም ወደ ሸክላ ያዘነብላል። ቀማሾች ጽጌረዳና ሬንጅ ይሸታል ይላሉ (ሬንጁም ሙገሳ ነው!)። ዓመታት ግን ብቻቸውን ምንም አይሠሩም። ቡሹ እንዳይደርቅና አየር እንዳያስገባ ጠርሙሱ መጋደም አለበት፤ ጨለማ፣ ከ12 እስከ 15 ዲግሪ የሚሆን ቅዝቃዜም ይሻል። ድሬዳዋ በሞቃቱ ወራት ቀትር ላይ 35 ዲግሪ ትደርሳለች። እኛ ወይኑን አላስቀመጥነውም፤ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ቀቀልነው።

ከሠርጉ በኋላ ወደ ሐረር በሚወስደው መንገድ ሐርላ ወጥቼ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ በፕሮፌሰር ቲሞቲ ኢንሶል የሚመራ ቡድን የ12ኛው ክፍለ ዘመን መስጊድ፣ ከሩቅ አገር የመጣ የመስታወት ዶቃና የሸክላ ስብርባሪ ያወጣው ከዚህ አፈር ነው። የቀደሙት ሰዎች በድንጋዮቹ ግዝፈት ተደንቀው ከተማይቱን ግዙፋን ሠሯት ይሉ ነበር። እዚያ የተረፈው ድንጋይ፣ መስታወትና ሸክላ ነው፤ ያውም አፈር ስለ ሸፈነው። የበሉትና የጠጡት አብዛኛው የት አለ? ሐርላ ለዚያ ሰው ምስክር አትሆነውም።

ከሁሉ የሚቆጨኝ ግን ሌላ ነው። ጠጅ የሚጥሉ እናቶቻችን ጠጁ የደረሰበትንና ያለፈበትን ቀን ለይተው ያውቃሉ። በዚያው ድግስ ጠጁ እንዲህ ቢኮመጥጥ ኖሮ አንዷ ሳትሸሽግ «አልፎበታል» ትል ነበር። በጣሊያን ፊደል የተጻፈ ወረቀት ፊት ምላሳችን ምን ነካው? ጉደርን ለሃያ ዓመት ቡፌ ላይ አቁመን «በሰለ» እንላለንን?

ያን ዕለት አባቴ ብርጭቆውን ይዞ ዓይን ዓይኔን እያየ «እንዴት ነው?» አለኝ። «ግሩም ነው» አልኩት። እርሱም ቀመሰና ዝም አለ።

አሁን እኅቴ ሴት ልጅ ወልዳለች። አባቴ ለሠርጓ የሚቀመጥ ሌላ ጠርሙስ እንድፈልግለት አዝዞኛል። ፈልጌ ገዝቻለሁ። ዛሬ ማታ እወስድለታለሁ፤ ቡፌው ጋ ሳይደርስ ከፍተን ለሁለት እንጠጣዋለን፤ ያን ጊዜም የፊተኛው ኮምጣጤ እንደ ነበር እነግረዋለሁ።