ከጎን የተቀመጠው ይናገር

በአውስትራሊያ ደቡብ ኑላርቦር የተባለ ሰፊ ሜዳ አለ። ስሙ ከላቲን ቃላት የተቀናበረ ሲሆን «ዛፍ የሌለበት» ማለት ነው። ማልዳችሁ ከኖርስማን ከተማ ተነሥታችሁ፣ ካራቫን የሚሉትን ተሳቢ ቤት አስከትላችሁ ወደ ምሥራቅ እየነዳችሁ ነው እንበል። አልጋው፣ ድስቱ፣ የውኃው በርሜል ሁሉ ከኋላ ነው። እስከ ዩክላ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ይቀራችኋል። ብዙዎች ይህን በአንድ ቀን ይጨርሱታል፤ እኔ ግን ተሳቢ የያዘ ሰው ሊጨርሰው አይገባም ባይ ነኝ።

ከባላዶኒያ እስከ ካይጉና በሚወስደው መንገድ ላይ 146.6 ኪሎ ሜትር ያለ አንዲት ኩርባ ይዘረጋል። ሰው ኩርባን ይፈራል፤ እዚህ ግን የሚያደክመው የኩርባ አለመኖር ነው። መሪው አይዞርም፣ አድማሱ አይቀርብም፣ ዓይን ተገልጦ ሳለ አእምሮ ያንቀላፋል። በዚህ መካከል እጅግ ረጅም፣ ባለ ብዙ ተሳቢ የጭነት መኪና ከፊት ይመጣል። ሲያልፋችሁ ነፋሱ ካራቫኑን ይገፋዋል፣ መልሶም ይስበዋል፤ በስፖኪዮው ስታዩት ግራና ቀኝ መወዛወዝ ጀምሯል። እግር ፍሬን ለመርገጥ ይቸኩላል፤ መርገጡ ግን ያባብሰዋል። እግርን ከነዳጅ መስጫው በቀስታ ማንሣት፣ መሪውን ቀጥ አድርጎ መያዝ፣ የተሳቢውን ፍሬን ብቻ በእጅ መቆጣጠሪያው ማስያዝ ይገባል። ስምንት ሰዓት ሙሉ የነዳ ሰው ይህን ሁሉ ያውቀዋል፤ እጁና እግሩ ግን በጊዜው አይደርሱለትም።

«የዕረፍት ቀኔ የተቆጠረ ነው፣ የሚጠብቀኝም ሰው አለ» የሚል ይኖራል። ይህን ክርክር አልንቀውም፤ ፈቃዱን በቀን ቆጥሮ የሚኖር ሰው ሁሉ ይረዳዋል። ይሁን እንጂ የደከመ ሰው መድከሙን የሚያውቀው ከሁሉ በኋላ ነው። ስለዚህ «እንቁም» የማለት ሥልጣን ከጎኑ ለተቀመጠው ሊሰጥ ይገባል እላለሁ፤ ያውም ጉዞው ሳይጀመር፣ ጠዋት ቡና ላይ ሳሉ። መንገድ ላይ ከሆነ ነገሩ ክርክር ይሆናል፣ ነጂውም «ትንሽ ብቻ ቀረን» ይላል። ሚስትም ትሁን ልጅ ወይም ባልንጀራ፣ የተናገረችው ቃል ይግባኝ የሌለው ይሁን። በሰው መኪና የበረሃ መንገድ የምታቋርጡ እናንተም ዝምታን እንደ ጨዋነት አትቁጠሩት።

በአንዳንድ ቦታ አስፋልቱ ላይ የአውሮፕላን ማረፊያ ምልክት ተቀብቶ ታያላችሁ። በራሪ ሐኪሞች ሕሙማንን የሚያነሡት ከዚያው ከአውራ ጎዳናው ነው። ሆስፒታሉ ምን ያህል ሩቅ እንደሆነ ከዚህ በላይ የሚናገር ሰሌዳ አላውቅም። ሰሌዳማ ሞልቷል፤ ግመል፣ ዎምባት፣ ካንጋሮ የተሣሉባቸው አሉ። ካንጋሮው መንገድ የሚያቋርጠው በተለይ ጀምበር ስትጠልቅ ነው፤ ያን ከባድ ተሳቢ ይዞ ደግሞ በድንገት መቆም አይቻልም።

ኤድዋርድ ጆን ኤየር እ.ኤ.አ. በ1841 ዋይሊ ከተባለ አቦርጂናዊ ወጣት ጋር ይህን ዳርቻ ያቋረጠው ወራት ፈጅቶበት ነው። እኛ ሁለት ቀን ቢፈጅብን ምን ይለናል? ማዱራ ላይ መንገዱ ከአምባው ወደ ታችኛው ሜዳ ይወርዳል፤ ከኖርስማን ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ተነድቷል። ፀሐይ ሳትጠልቅ እዚያ ቁሙ፣ ጎማውን ዳስሱ፣ የመጎተቻውን ማያያዣ ፈትሹ፣ ወንበር አውጥታችሁ ተቀመጡ። እ.ኤ.አ. በ1877 የተከፈተው፣ ዛሬ አሸዋ የሚውጠው የዩክላ ቴሌግራፍ ቤት ነገም እዚያው ነው።