የባሕር ሥር ተረተሮችና የዋልታ ውቅያኖስ ጅረቶች፡- ከአይስላንድ እስከ ጣና

የአይስላንድ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2025 የአትላንቲክ ውቅያኖስ የውሃ ዑደት ሊቋረጥ የሚችልበትን አደጋ ከብሔራዊ ደህንነት ሥጋቶች ተርታ መድቦታል። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎም 44 ሳይንቲስቶች ለኖርዲክ የሚኒስትሮች ምክር ቤት በጻፉት ግልጽ ደብዳቤ አደጋው ከሚገባው በታች መገመቱን አስጠንቅቀው ነበር። ስለ አደጋው በስፋት ቢዘገብም፣ ዑደቱ የሚያልፍበት በር የት እንደሆነና ፍሰቱን ምን እንደሚወስነው ግን እምብዛም ሲነሳ አይሰማም። በሩ የሚገኘው ከግሪንላንድ ተነሥቶ በአይስላንድና በፋሮ ደሴቶች በኩል እስከ ስኮትላንድ በተዘረጋው የባሕር ሥር ተረተር ላይ ነው።

ከተረተሩ በስተሰሜን የሚገኙት የኖርዲክ ባሕሮች ከ3 ሺህ ሜትር በላይ ጥልቀት አላቸው። ከደቡብ የሚመጣው ሞቃትና ጨዋማ ውሃ በላይኛው የባሕር ክፍል ተረተሩን ተሻግሮ ወደነዚህ ባሕሮች ይገባል። በዚያም ሙቀቱን ለአየሩ ሰጥቶ ሲቀዘቅዝ ይከብድና ወደ ታች ይሰምጣል። የሰመጠው ውሃ ወደ አትላንቲክ የሚመለስባቸው ዋና መተላለፊያዎች ሁለት ናቸው። አንደኛው በግሪንላንድና በአይስላንድ መካከል ያለው የዴንማርክ ሰርጥ ሲሆን፣ የደፉ ጥልቀት 630 ሜትር ገደማ ነው። ሁለተኛው ከፋሮ ደሴቶች ደቡብ ምዕራብ የሚገኘውና 840 ሜትር ገደማ የሚጠልቀው የፋሮ ባንክ መተላለፊያ ነው። ከእነዚህ ደፎች በታች ያለው ጥልቅ ውሃ በተረተሩ ታግዶ ይቀራል።

የተረተሩ መኖር የታወቀው በቴርሞሜትር መሆኑ የሚገርም ነው። እ.ኤ.አ. በ1868 ቻርልስ ዋይቪል ቶምሰንና ዊልያም ካርፔንተር "ላይትኒንግ" በተባለችው የእንግሊዝ መርከብ ከስኮትላንድ በስተሰሜን ባደረጉት ጉዞ፣ ተቀራራቢ በሆኑ ቦታዎችና በተመሳሳይ ጥልቀት ላይ እጅግ የተለያየ የውሃ ሙቀት አገኙ። ሁለቱን ውሃዎች የሚለይ ግድግዳ ከሥር መኖር አለበት የሚለው ግምት እ.ኤ.አ. በ1880 በተደረገ የጥልቀት ልኬት ተረጋገጠ። ያ የተረተሩ ክፍልም በቶምሰን ስም ተሰየመ።

የተረተሩን አሠራር ለመረዳት የግድብን የውሃ ማስተንፈሻ ማሰብ ይበቃል። በማስተንፈሻው የሚፈሰውን ውሃ መጠን የሚወስነው በግድቡ የተጠራቀመው ጠቅላላ ውሃ ሳይሆን፣ ከማስተንፈሻው ከንፈር በላይ ያለው የውሃ ከፍታ ነው። በተረተሩ ላይም ሁኔታው ተመሳሳይ ነው። ከደፉ በላይ የቆመው የቀዝቃዛ ውሃ ከፍታ ሲጨምር ፍሰቱ ይጨምራል፤ ሲቀንስ ይቀንሳል። የመሬት መሽከርከር ደግሞ ወደ ደቡብ የሚወርደውን ውሃ ወደ ቀኝ ስለሚገፋው፣ በዴንማርክ ሰርጥ የሚያልፈው ጅረት የግሪንላንድን ቁልቁለት ተደግፎ ይሄዳል። ከዚያም ከ3 ሺህ ሜትር ወደሚበልጥ ጥልቀት ይወርዳል። በዚህ ምክንያት በምድር ላይ ትልቁ ፏፏቴ ከባሕር ሥር የሚገኘው ይህ ነው ይባላል።

ተረተሩን አልፎ የሚወጣው ቀዝቃዛ ውሃ በጠቅላላው በሰከንድ 6 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ያህል ነው። በዚህ መጠን ቢፈስ 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ የሚይዘውን የታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ ሰው ሠራሽ ሐይቅ ሦስት ሰዓት ተኩል በማይሞላ ጊዜ ውስጥ ይሞላው ነበር። ውሃው ቁልቁል ሲወርድ በዙሪያው ያለውን ሌላ ውሃ እየቀላቀለ በእጥፍ ገደማ ያድጋል፤ የአትላንቲክ ዑደት ጥልቅ ክፍልም በአብዛኛው የሚመነጨው ከዚሁ ነው።

በፋሮ ባንክ መተላለፊያ ከ1995፣ በዴንማርክ ሰርጥ ከ1996 ጀምሮ በመሣሪያ የተደገፈ ክትትል ይካሄዳል። እስካሁን የተገኘው ውጤት ፍሰቱ በጉልህ እንዳልቀነሰ ያሳያል። ይህ መልካም ዜና ቢሆንም፣ ሙሉ ዋስትና ተደርጎ መወሰድ የለበትም። ከግድብ በላይ የተጠራቀመ ውሃ ገባሪው ወንዝ ከቀነሰ በኋላም ለጊዜው መፍሰሱን እንደሚቀጥል ሁሉ፣ ከተረተሩ በስተሰሜን ያለው ክምችትም የለውጡን ምልክት ሊያዘገየው ይችላል። በፋሮ ባንክ የሚያልፈው ውሃ መጠኑ ባይለወጥም እየሞቀ መምጣቱ ተመዝግቧል።

በይነ መንግሥታዊው የአየር ንብረት ለውጥ ፓናል እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው ሪፖርት፣ ዑደቱ በዚህ ክፍለ ዘመን የመዳከሙ ነገር እጅግ የሚጠበቅ መሆኑን፣ ከ2100 በፊት በድንገት ይቋረጣል ተብሎ ግን እንደማይገመት በመካከለኛ እርግጠኝነት ገልጿል። መካከለኛ እርግጠኝነት የተባለበት አንዱ ምክንያት ከዚሁ ከባሕር ወለል ቅርጽ ጋር የተያያዘ ነው። በርካታ የአየር ንብረት ሞዴሎች ውቅያኖሱን እስከ 100 ኪሎ ሜትር በሚደርሱ ክፍልፋዮች ከፋፍለው ሲያሰሉ፣ መተላለፊያዎቹ ግን ስፋታቸው በአሥር ኪሎ ሜትሮች የሚለካ ነው። በሩ በካርታው ላይ በትክክል ካልተሣለ በበሩ የሚያልፈውን መገመት አዳጋች ይሆናል።

በደቡብ ዋልታ ደግሞ ተረተሮች የሚሠሩት ሥራ የተለየ ነው። አንታርክቲካን የሚዞረው ጅረት በሰከንድ ከ130 እስከ 170 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ውሃ ያንቀሳቅሳል። በመንገዱ ላይ የሚያቆመው አህጉር ስለሌለ የነፋሱን ግፊት የሚቋቋሙት እንደ ኬርጌለን አምባ ያሉ የባሕር ሥር ከፍታዎች ናቸው። ጅረቱ በእነዚህ ላይ ሲያልፍ ይጠማዘዛል፤ ከሚፈጠሩት አዙሪቶችም ሙቀት ወደ በረዶው አህጉር ይሻገራል። እ.ኤ.አ. በ2009 በፓይን አይላንድ የበረዶ ግግር ሥር የተላከ ሰው አልባ ሰርጓጅ መሣሪያ፣ ግግሩ ቀድሞ ተደግፎት የነበረ ተረተር አግኝቷል። ግግሩ ከተረተሩ ከተላቀቀ ወዲህ ሞቃት ውሃ በላዩ እየተሻገረ በረዶውን ከሥር ያቀልጣል።

ጉዳዩ ለኢትዮጵያ ሩቅ መስሎ ሊታይ ይችላል። በእርግጥም የክረምት ዝናብ ወቅታዊ ትንበያ በዋናነት የሚከታተለው የፓስፊክ ውቅያኖስን፣ ኤልኒኖና ላኒናን ነው፤ ይህም ተገቢ ነው። ነገር ግን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2007 ይፋ ያደረጉት የጣና ሐይቅ ደለል ጥናት ሌላ ታሪክ አሳይቷል። በመጨረሻው የበረዶ ዘመን ማብቂያ፣ በሰሜን አትላንቲክ በተበተነው የበረዶ ቅላጭ ዑደቱ ክፉኛ በተዳከመበት ወቅት፣ ጣና ደርቆ ነበር። በሐይቁ መካከለኛ ክፍል ሳይቀር የደንገል ረግረግ በቅሎበታል። ቪክቶሪያ ሐይቅም በዚያው ዘመን ደርቆ ስለነበር መላው የዓባይ ተፋሰስ በየወቅቱ ብቻ ወደሚፈስ ወንዝነት ዝቅ ብሎ እንደነበር ጥናቱ ያመለክታል።

የዚያን ዘመን የአየር ንብረት ከዛሬው ጋር በቀጥታ ማነጻጸር ስህተት ነው። ያኔ ሰሜን አሜሪካና ሰሜን አውሮፓ በግዙፍ በረዶ ተሸፍነው ነበር። ሆኖም የአትላንቲክ ዑደት ሲዳከም የሐሩር ዝናብ ቀበቶ ወደ ደቡብ እንደሚሸሽ ከደለል መዝገቡም ከሞዴሎቹም የሚገኘው ምስክርነት ተመሳሳይ ነው። ጣና እንደገና ሞልቶ ወደ ዓባይ መፍሰስ የጀመረው ከዛሬ 14 ሺህ 750 ዓመታት ገደማ በፊት ሲሆን፣ ይህም የአትላንቲክ ዑደት ዳግም ካንሠራራበት ጊዜ ጋር ይገጥማል።